መብረቅ ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች

«ውሃው አላቃጠለዎትም?» ማለት ነበረባት። ልጅቷ በእናቷ ፀጉር ቤት ለደንበኛ ሁሉ የምትለው እሱን ነው። ዛሬ ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

ማጠቢያው ወንበር ላይ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡት ሴትዮ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ነበሩ። ተማሪው ከጀርባቸው «መብረቅ» ነበር የሚላቸው። ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ከአረፋው ሥር ጭንቅላታቸው እንደ ሕፃን ራስ ትንሽ ሆነባት። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ያኔ እንደነበሩት ግዙፍ ሆነው ቢመጡ ይሻላት ነበር።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ መምህርቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የኔው ናት፣ የመጀመሪያዋ!» አለች እናቷ ከመስታወቱ ፊት፣ የሌላ ደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች። «እርስዎ ጋ እኮ ነው የተማረችው፣ አላወቋትም? አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፤ ጎበዝ ተማሪ ናት። ሰው ያደረጓት እርስዎ ነዎት።»

«ስንቱን አስታውሼ እችለዋለሁ ብለሽ!» ሳቁ መምህርቷ። «ብቻ በኔ እጅ ያለፈ ልጅ ወድቆ አያውቅም።»

ልጅቷ ሻምፖ ጨመረች። እሷ አልረሳችም።

ያን ቀን ሦስተኛ ክፍሎች የሂሳብ ፈተና ላይ ነበሩ። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

«ቁጭ በይ።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ አወጣች።

«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ!»

ለሦስተኛ ጊዜ እጇን የማውጣት ወኔ አልነበራትም። እግሯን አቆላለፈች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ መዋኘት ጀመሩ። በመጨረሻ ካልሲዋ ሲሞቅ ተሰማት። መምህርቷ ከዴስኩ ሥር ያለውን እርጥበት ሲያዩ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ቀስ ብለው መጥተው «ሹራብሽን አውልቂ» አሏት። «በሱ ጥረጊው። ያንቺን ቆሻሻ ማንም አይጠርግልሽም።»

ተንበርክካ ጠረገች። አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ቧንቧ» ሆነ። «ቧንቧ መጣች፣ ባልዲ አምጡ!» ይሏታል በር ላይ። ትምህርት ቤት እስክትቀይር ድረስ ቧንቧ ነበረች። አሁንም ፈተና ባለበት ቀን ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ውሃ አትጠጣም።

«እንደው ሳይደብቁ ይንገሩኝ» አለች እናቷ ቢጎዲኑን ሳትተው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትዎ ልጆች ያስጠናሉ አሉ። ትንሿ ልጄን ንባብ እምቢ ብሏታል። ይያዙልኝ እስቲ። እንደ ልጅዎ ይቆንጥጡልኝ።»

ትንሿ እህቷ ሰው ያልያዘው የፀጉር ማድረቂያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካስኩን እንደ ባርኔጣ ራሷ ላይ ደፍታ እግሯን ታወዛውዛለች። ስለ እሷ እንደሚወራ ስታውቅ እግሯ ቆመ።

«ትምጣ» አሉ መምህርቷ። «እንዲህ ያለችውን በአንድ ወር ነው የማስተካክላት።»

«አትሄድም።»

የታላቂቱ ልጅ ድምፅ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። እናቷ ዞረች።

«ምን አልሽ?»

«እሳቸው ጋ አትሄድም።» እጇ አረፋው ውስጥ ቆሟል። «ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ለምኜ ከልክለውኝ፣ ሲያመልጠኝ በሹራቤ ያስጠረጉኝ እሳቸው ናቸው። ክፍሉ ሁሉ እያየ።»

ቢጎዲን የምትጠቀለለው ደንበኛ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መምህርቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ከታች ሆነው ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን አዩ፤ እንደጠፋ ዕቃ ፊቷ ላይ ፈለጉ።

«አላስታውስም» አሉ።

እየዋሹ እንዳልሆነ አወቀች። ይህን ቀን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስንት ጊዜ አስባዋለች። በሐሳቧ መምህርቷ አንዴ ይክዳሉ፣ አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴም ይቅርታ ይጠይቃሉ። ለሁሉም መልስ ነበራት። ይረሱታል ብላ ግን አንዴም አላሰበችም። እሷ ስንት ዓመት የተሸከመችው ነገር ሴትዮዋ ጭንቅላት ውስጥ አንዲት ቀን አላደረም።

«ብዙ ነበራችሁ» አሉ መምህርቷ፣ ዓይናቸውን መልሰው እየጨፈኑ። «ሁሉንም ስናባብል ብንውል ማን ይማር ነበር? ይኸው ተምረሻል አይደል?»

ሰው ከነአረፋው አይተውም። ውሃውን ከፍታ አጠበቻቸው፤ ራሳቸውን በፎጣ ጠቀለለች። ከዚያ ፀጉራቸውን አደረቀችላቸው። መምህርቷ ሲወጡ ስለ ቅዳሜ ምንም አላሉም።

ሌላዋም ደንበኛ ወጥታ በሩ እንደተዘጋ እናቷ ማበጠሪያውን ወርወር አደረገችው። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! በአሮጊት ፊት እንዲህ ይባላል? ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«እኔን እኮ ነው ያዋረዱኝ፣ እማ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ምን አጥፍተሽ ነው?› ትይኝ ነበራ።»

እናቷ መጥረጊያውን አንስታ የረገፈውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች። የጠረገችውን ቦታ መልሳ ጠረገችው። ይቅርታም አላለችም።

«እና ትንሿን ማን ያስጠናት?» አለች መጨረሻ ላይ፣ ቀና ሳትል። «እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልል።»

«እኔ። ቅዳሜ ከሰዓት።»

«የቅዳሜው ቮሊቦልሽስ?»

«ይቅራ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ እህትማማቾች መኝታ ቤት በር ዘግተው ተቀመጡ። ጓደኞቿ ሜዳ ወርደዋል። ትንሿ አንዷን ቃል ጀምራ ትተዋለች፤ ትጀምርና ሌላ ቃል ፈጥራ ትጨርሳታለች፤ ከዚያ ጣሪያውን ታያለች። አንድ ገጽ እንኳ አልተገፋም።

«እያየሽ አንብቢ እንጂ! ዓይን የለሽም?»

የትንሿ ጣት ገጹ ላይ ደረቀ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ልጅቷ ያን ትከሻ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ ደነገጠች። ይቅርታ ልትላት ፈለገች፤ ግን በዚህ ቤት ማንም ለማንም ብሎት ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም።

ቆማ ነበር። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠችና የራሷን ጣት ከቃሉ ሥር አደረገች።

«ቀስ ብለሽ» አለቻት። «የምንቸኩልበት የለም።»

ትንሿ ትከሻዋን ገና አላወረደችም። ልጅቷም ጣቷን ከቃሉ ሥር ሳታነሳ ጠበቀቻት።