የማይገጥመው በር

የሚገማው ሬሳው አልነበረም፤ ሬሳው ጠዋት ተነሥቷል። ሳጅን ቬርና ሆልት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ወደ አሮጌዋ የፋይበርግላስ ተጎታች ቤት አጎነበሰች። የገማው ወለሉ ነው። የኦሪገን ዝናብ ለዓመታት የጠጣው ጣውላ እንደ ረጠበ ዳቦ በጣት ይቆረሳል፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታና የአይጥ ጎጆ አለ። ሽማግሌው ኦርቪል ፔክ ግማሹን ወለል ቆርጦ ጥሎ ነበር። የቀረውን ለማድረቅ የጋዝ ማሞቂያ ለኩሶ የኋላው አልጋ ላይ ጋደም እንዳለ፣ በጋዙ ታፍኖ ሞተ ተባለ።

ማሞቂያውን ያመጣችለት ልጁ ሎረል ደጅ ቆማለች።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ!»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩይ። ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሸርጣን አጥማጁ ጎረቤት ደልበርት። «በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ ጎትቼ ከፈትኩት። ሽማግሌው ምክር አይሰማማ! ምን ይደረግ?»

የደልበርት ሚስት ኒታ አቀርቅራለች፤ ዓይኗ አብጧል። ለጎረቤት እንዲህ አይለቀስም ስትል ሳጅኗ በልቧ ያዘች።

ተጎታች ቤቷን ዞረቻት። ግድግዳዋ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፤ ወገቧ ላይ ግን እንደ ቀበቶ የዞረ ንጹሕ ነጭ መስመር አለ። ሳጅኗ ጠጋ ብላ አሸተተችው። የበሰበሰ ዓሣ!

የደልበርትን መኪና ከፈተሸች በኋላ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበች።

«ደልበርት፣ እስቲ በሩን ዝጋልኝ።»

ገፋው። በትከሻው ገፋው። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

«እርጥበቱ አሳብጦት ነው።»

«በሩ ፋይበርግላስ ነው፤ እንደ እንጨት አያብጥም። የዚህችን ቤት ጎን አጥብቆ የሚይዘው ወለሉ ነው። ወለሉ ሲቆረጥ ጎኗ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ በሩም አይገጥምም። በዚህ ወለል ላይ ይህ በር ተዘግቶ ሊገኝ የሚችለው አንድ ሰው ዙሪያዋን በጭነት ማሰሪያ ጠፍሮ ካጠበቃት ብቻ ነው። ማሰሪያው መኪናህ ላይ ነው። በአንድ ፊቱ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል፤ ሸርጣን የምታጠምድበት የበሰበሰ ዓሣም ይሸታል። ሲሞት ፈታኸው። ‹ተዘግቶ ነበር› ያልከው አንተው ነህ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ!»

«እኔ ስለ ወለል ምን አውቃለሁ?» አለ ደልበርት።

«ታውቃለህ» አለች ኒታ ቀና ብላ። «አምና አንተና ኦርቪል የኛን ተጎታች ቤት ወለል ስትጠግኑ በዚሁ ማሰሪያ ነው ያጠበቃችኋት።» ወደ ሳጅኗ ዞረች። «በፀደይ ከኦርቪል ጋር ልሄድ ነበር። ሰው መስሎኝ ለደልበርት ነገርኩት።»

ደልበርት ሳቀ። «በዚህ ግማት ውስጥ ልትኖሪ?»

ከወለሉ ይልቅ ሳጅኗን ያንገሸገሻት ይህ ሳቅ ነበር። ምራቋን ተፍታ ካቴናውን አወጣች።

ሎረል በሩ ላይ ቀርታለች። ሁለት ጣቶቿን ክፍተቱ ውስጥ አስገብታ ትንፋሽ የሚያህለውን ነፋስ ዳሰሰች።

«አባዬ ይህን ክፍተት ያውቅ ነበር?»

«አውቆ ነው ማሞቂያሽን የለኮሰው» አለች ሳጅኗ።

«ይህ አየር ይበቃው ነበር?»

«ይበቃው ነበር፣ ልጄ።»