መልሺው እስቲ

ጎርናናው መጀመሪያ የመጣው አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ ዞረና፣ ብሎን መፍቻ ይዛ ያቀረቀረችውን ልጅ አየ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጠጋኙ የለም?»

«አለ።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ፊትህ ተቀምጧል» አለችው ቀና ሳትል።

ሳቀ። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች የሚያስነዝር ወፍራም ሳቅ ነበር። ያኔ ቀና አለች። ባትል ይሻላት ነበር፤ ግን ማን አስቀድሞ ያውቃል?

የአባቷን ቤት የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሰፈሩ «ጠጋኟ» ይላታል። እሱ በየአዳራሹ ድግስ እየዞረ የሚዘፍን ልጅ ነው፤ በድምፁ የተነሳ የወጣለት ቅጽል ዋናውን ስሙን አስረስቶታል። ችግሩም ይኸው ዘፈኑ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ የድምፅ ውድድር አለ። ሊወዳደር አስቧል፤ ዳኞቹ ምን እንደሚወዱ፣ ምን እንደሚነቅፉ ማጥናት ይፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሥራ ላይ ነው።

«እኔ ሳልኖር የሚቀዳልኝ ነገር ይኖራል?»

«ቲቪ ካርድ ይገባለታል። አንቴናውን ትሰካለህ፣ ሰዓቱን ትሞላለህ፣ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል።»

ካርዱን ገጠመችለት። የእሱ ቤት ግን ከትልቅ ፎቅ ጀርባ ስለሆነ ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረው። ኮምፒውተሩን ታቅፎ ሲመለስ፣ «እንግዲያው እኔ እዚህ ልቅዳልህ» አለችው። አፏ ቀደማት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣል። አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው የትናንቱን ውድድር ያያሉ። «እዚህ ላይ አቁሚው» ሲላት ታቆመዋለች። ተወዳዳሪው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል፤ እሱ ያንኑ ዜማ በራሱ መንገድ ያንጎራጉርላታል። አንድ እሑድ አንጎራጉሮ ሲጨርስ ማስቀጠሉን ረሳችው። እሱም አላስታወሳትም። ማውሱን የያዘ እጇ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

ከጓዳ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «ዘፋኝ?» አሉ ነገሩ ሲገባቸው። «የሰው ደስታ ሲያሞቅ ውሎ የሚገባ ሰው፣ ለራሱ ቤት ምን ሙቀት ይተርፈዋል?»

ልጁ ውድድሩ ውስጥ ገብቶ ዙሩን እያለፈ ሲሄድ ግን፣ ሽማግሌው ቅዳሜ ከሰዓት ወንበራቸውን እየጎተቱ ከልጃቸው ጎን መቀመጥ ጀመሩ።

«ቀዳሽው?» ይሏታል፣ ዘፈኑ ገና ሳያልቅ።

«እየተቀዳ ነው አባዬ።»

«አደራ፣ እንዳይጠፋ!»

ከመጨረሻው ዙር በፊት ጎርናናው መጥቶ፣ «እንዳለቀ እናቴን ይዤ እመጣለሁ። አባትሽን ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ» አላት። ለአባቷ ነገረቻቸው። በማግስቱ ሽማግሌው ቀለምና ብሩሽ ገዝተው የሳሎኑን ግድግዳ መቀባት ጀመሩ።

የመጨረሻው ቀን ሳሎኑ በሰው ጢም አለ። አባቷ ጎረቤቱንም፣ ጆሯቸው የሚከብደውን እህታቸውንም ጠርተዋል። ጠጋኟ ካሏት ስክሪኖች ትልቁን መርጣ መሃል ላይ አቆመችው። ጎርናናው ሲዘፍን ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ሲጨርስ አስተዋዋቂዋ ቀረበችው።

«እስቲ ንገረን፣ ይህን ሁሉ ፍቅር የምትዘፍነው ለማን ነው? ልብህን የያዘችው ማን ናት?»

ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ተመለከተ። ጠጋኟ እሷን ያያት መስሏት ፀጉሯን አስተካከለች።

«ማንም የለችም» አለ ፈገግ ብሎ። «ልቤ ባዶ ነው። ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።»

አዳራሹ በሴቶች ጩኸት ተናጋ። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

«ምን አለ?» አሉ አክስቷ። «ጩኸቱ አላሰማኝም። መልሺው እስቲ!»

ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል አላልሽኝም? ስለ አንቺ አይደል እንዴ የጠየቀችው? መልሺው እንጂ!»

እምቢ ለማለት አፏን ብትከፍት እንባዋ ይቀድማታል። ማውሱን ያዘችና ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰችው። ጎርናናው እንደገና ፈገግ አለ። «ማንም የለችም። ልቤ ባዶ ነው።» አሁን አክስቷም ሰሙ።

አባቷ ግድግዳውን ሲመለከቱ ቆዩ። «እዚህ ጋ ቀለሙ ዘሎታል» አሉ ቀስ ብለው።

ማን እንዳሸነፈ ያየ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ያሸነፈው እሱ ነበር።

ሰንብቶ መጣ፤ ያለ እናቱ። አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል፤ መሪውን የያዘው ዘፈኑን የሚያሳትምለት ድርጅት ሰው ነው።

«አዘጋጆቹ ናቸው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «በስልክ ድምፅ የሚሰጡት ሴቶች ናቸው፤ ፍቅረኛ አለችኝ ካልክ አበቃልህ አሉኝ። አፌ ነው ያለው፣ ልቤ አይደለም። ሆዴ፣ አንቺ አታውቂኝም?»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ። ያለ ፍቅረኛ እንድታይ ውል አስፈርመውኛል። እስከዚያ በድብቅ...»

«አባዬ ጓዳ አለ። ለአገሩ ሁሉ ንገር አላልኩህም። ግባና ለእሱ ብቻ፣ ‹ልጅዎን እወዳታለሁ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ውሸት ነው› በለው።»

«ቀስ በይ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰውዬ ይሰማል!»

መኪናው ክላክስ አደረገ። ጎርናናው ወደ ጓዳው በር ተመለከተ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ደጅ ሸሸ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነው። ያንን ፊት ግን ስታቆመውና ስታስኬደው ስለኖረች ታውቀዋለች።

«ሂድ» አለችው። «ይጠብቁሃል።»

ሄደ። ምስሉ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ድምፁ በየታክሲው ተከፈተ። እሷ የቀዳቻቸውን ቅጂዎች ለማጥፋት ስንት ጊዜ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ «በእርግጥ ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቃት ግን «አይ» ትለዋለች።

ዓመቱ ሲሞላ፣ አንድ ረፋድ ላይ እናቱን ይዞ መጣ። የክት ልብሳቸውን የለበሱ ደቃቃ ሴት ናቸው። «ጥፋቱን ሁሉ ነግሮኛል» አሉ። «ከእናንተ በፊት እኔ ሰድቤዋለሁ።»

ጎርናናው አባቷ ፊት ቆመ። ላብ አጥምቆታል። «አባባ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ውሸት ነው። ውሌ አልቋል፤ አሁን በማንም ፊት እናገራለሁ።»

ሽማግሌው ለእናቱ ወንበር ሳቡላቸው። «እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «የእሷን እሷ ታውቃለች።»

ጠጋኟ አየችው። ከስቷል። ልቧ ከተቀመጠችበት ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ።

«አሁንም ትወጂኛለሽ?»

«እወድሃለሁ።» መደበቅ አልቻለችበትም። «ግን ነገ ሌላ ውል ይመጣል። ያኔ ዓይንህ ተመልሶ ወደ ደጅ ይሄድ ይሆን እያልኩ፣ ዕድሜ ልኬን ዓይንህን ስጠብቅ ልኖር ነው።»

«አይሄድም! በእናቴ!»

«ምናልባት አይሄድም። እኔ ግን መጠበቄን አልተውም። እንዲህ ሆነን ምን እንሆናለን?»

እናቱ ግንባሯን ስመው እያለቀሱ ቀድመው ወጡ። እሱ ተከተላቸው። ደጅ የተሰበሰበው ሰፈርተኛ ሲያየው በእልልታ ከበበው፤ ፎቶ አብሮት ሊነሳ ተጋፋ። በመስኮቱ አየችው። አንገቱን ቀና አደረገና ፈገግ አለላቸው።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

አባቷ ከበሩ ማዶ ትንሽ ቆሙ። እጃቸውን ሊያንኳኩ አንስተው መለሱት። ሰዉ ገና ከደጅ አልተበተነም። ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ምን እየተላለፈ እንደሆነ እንኳ አላዩትም፤ ለቅሶዋ ደጅ ድረስ እንዳይሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቁት።