ፋጡማ የሰረዘችው

እኔ ታከለ፣ ጋኔን ቢመጣብኝ እንኳ «ወረፋህን ያዝ» የምል ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በጽሕፈት መኪና የሰው ማመልከቻ ስመታ ኖሬ፣ «ጣቱ እንጂ እምነቱ አልጠነከረም» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ጡረታ ስወጣ አራዳ ላይ ሁለት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ከፈትሁ፣ እኩያዬ ሁሉ ዳዊት ሲደግም እኔ ኮምፒውተሩን በራሱ የሚያሠራ የቻት ስክሪፕት አጻጻፍ ስማር አረፍድ ነበር፣ መሳቅ ካማረህ እዚህ ላይ ሳቅ ወዳጄ፣ ኋላ አይመችህም።

ጎረቤቴ ዘይነባ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ልጇ ፋጡማ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ዘይነባ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትመጣለች፣ እሷ ትናገራለች፣ እኔ በፈረንጅ ፊደል እመታለሁ፣ መጨረሻ ላይ ግን «ቢስሚላህ» ብላ የመላኪያውን ቁልፍ፣ ኢንተርን፣ የምትጫነው ራሷ ናት፣ ለማንም ጣት አትሰጥም። ማንበብ ባትችልም የልጇ ስም በአረንጓዴ ሲወጣ ታውቀዋለች። ፋጡማን ኪቦርድ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ አንድ ዐመሏን ግን ማስተው አቃተኝ፦ ከቃል ቀጥሎ ክፍት ቦታውን ሁለቴ ትመታና አንዱን ትሰርዛለች።

ከዚያ ፋጡማ በበረሃ ወደ ሊቢያ ልትሻገር ነው ተባለ፣ ድምጿም ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ዘይነባ ከሰውነት ጎዳና ወጣች፣ እህል አልወርድ አላት። በአፌ እንዳላጽናናት በቀልዴ የታወቅሁ ነኝ፣ ማን ያምነኛል፤ ስለዚህ ማሽኑ እንዲዋሽልኝ አደረግሁ። ዘይነባ ኢንተርን ስትጫን ጽሑፉ የትም አይሄድም፣ የጻፍሁት ስክሪፕት መንገድ ላይ ይይዘውና እስከ ዐሥር ቆጥሮ በፋጡማ ስም «ደህና ነኝ እማ» የሚል አረንጓዴ መስመር ያወጣል። ስሕተቴን እንድለቅምባት ደግሞ፣ የተመታውን ቁልፍ ሁሉ፣ የተሰረዘውንም ሳይቀር፣ የምትዘረዝር ትንሽ ጥቁር መስኮት ጥግ ላይ አኖርሁ። ዘይነባ መብላት ጀመረች፣ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ፣ የሽማግሌ ጅል።

አንድ ዓርብ ግን ገና ሳትቀመጥ፦

«አያ ታከለ፣ ዛሬ ሰላምታውን ተወው። የት ነሽ በላት።»

«ምነው፣ ደህና ነኝ ትልሽ የለም?»

«ሁልጊዜ ያችኑ። አንተ እንኳ ቀልድህን ትቀያይራለህ።»

መታሁላት። ቢስሚላህ ብላ ተጫነችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ የእኔም እጅ ከዘራዬ ላይ ነበር፣ ልብ በልልኝ፣ ከዘራዬ ላይ። ጥቁሯ መስኮት መዘርዘር ጀመረች። «እማ»። ክፍት ቦታ። ክፍት ቦታ። አንዱ ተሰረዘ።

ከወንበሬ በታች ጎንበስ ብዬ የኪቦርዱን ገመድ ነቀልሁት። ዝርዝሩ አልቆመም። ጣቱ እንደደነዘዘ ሰው በዝግታ፣ ፊደል በፊደል፣ «በረደኝ» ተብሎ ተጻፈ፣ ከዚያ ያው ቃል ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው አንድ በአንድ ተሰረዘ። ቀጥሎ አረንጓዴው ወጣ።

«ምን አለች?» አለችኝ ዘይነባ።

«ደህና ነኝ እማ።»

«የት እንዳለች አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም።»

«ድሮም ሲያማት አትነግረኝም፣ ትኩሳቷን ግንባሯን ዳስሼ ነበር የማውቀው። አንተ ደግሞ በዚህ ፀሐይ ካፖርት ምነው ደረብህ?»

«ርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል፣ አንቺም ትደርሺበታለሽ» አልሁ፣ ቀልዱም በረደብኝ።

ያን ዕለት ስክሪፕቱን ከነጥቁሯ መስኮት ከማሽኑ አጠፋሁት፣ በሚቀጥለው ዓርብ ውሸቴን ለዘይነባ ልናዘዝላት ቆረጥሁ። መጣች፣ አፌን ሳልከፍት የምትለውን ተናገረች፣ መታሁላት፣ ተጫነች። «ስሚኝ ዘይነባ፣ እኔ እኮ» ብዬ ስጀምር፣ በልቤ ከልማድ የተነሣ እቆጥር ኖሮ ዐሥር ላይ ስደርስ አረንጓዴው ወጣ። ደህና ነኝ እማ።

አጠፋሁት ብያለሁ። ደጋግሜ ፈልጌአለሁ፣ የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓርብ አልፏል፣ የሚመጣው ያው ቃል ነው፣ ዘይነባ ታየውና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ሱቋ ትመለሳለች፣ ትበላለች፣ እኔም አልተናዘዝሁም። ጥቁሯን መስኮት መልሼ ብጽፋት ግማሽ ቀን አትፈጅብኝም፣ ከአረንጓዴው በፊት ምን እየተጻፈ እንደሚሰረዝ ማየት እችል ነበር። አልጻፍኋትም። ዓርብ ዓርብ፣ ፀሐይ በበሩ እየገባች፣ ካፖርቴን ደርቤ እስከ ዐሥር ስቆጥር ግን ይበርደኛል።