አሸንፎ የሞተው የቼዝ ሊቅ

ዌሰል ሁክስትራ በገዛ የአንገት ልብሱ ታንቆ፣ አፍንጫውን መተየቢያው ላይ ደፍቶ ተገኘ። ቀኑ ጥሩ ቀኑ ነበር፤ ኮምፒዩተሩን አሸንፏል። መሞቱ ብቻ ነው ያበላሸው።

የተጫወተው በሆላንዷ ሊዋርደን ከተማ፣ አንድ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው። እሱ እርምጃውን ሲተይብ በስልክ መስመር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወዳለው ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን ይሄዳል፤ የማሽኑ መልስ ወረቀት ላይ ታትሞ ይመጣለታል። ታች አዳራሹ ውስጥ የፕሮግራሙ ሠሪ ሊነከ ጨዋታውን በትልቅ ሰሌዳ ለተመልካች ታሳያለች። ልክ አሥር ሰዓት ላይ ማሽኑ ተሸነፈ። ሊነከ «እንኳን ደስ አለህ» ልትለው ብቻዋን ወጣች። ከዚያ ጩኸቷ ተሰማ።

ሐኪሙ «ከስምንት ሰዓት ወዲህ ነው የሞተው» ከማለት አላለፈም። ፖሊሶቹ ግን፣ እስከ አሥር ሰዓት የተጫወተ ሰው ከአሥር በፊት አልሞተም ብለው ለሊነከ ካቴና አወጡ።

ኢንስፔክተር ቦውማ የምትባለው ሴት ደረሰችና «ቆይ እስቲ» አለች።

«ማሽንሽ ሲሸነፍ አልተናደድሽም?»

«ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነው፤ እንዴት አልናደድ! እስከ ሃያ አራተኛው እርምጃ እየመራ ነበር እኮ። ከዚያ ዌሰል ብድግ ብሎ ንግሥቱን በነጻ ሰጠ።»

«ማሽኑስ?»

«በላት። የሰጡትን ሁሉ ይበላል፤ ሆዳም ነው።»

የሟች ሚስት ሳክየ ሰምታ ዓይኗን አፈጠጠች። «ባሌ? ንግሥት ሰጠ? ለእኔ አበባ ሰጥቶኝ አያውቅም! አንዲት ወታደር ከተበላችበት እራት የማይበላ ሰው!»

ሦስተኛ የተጠየቀው ሩርድ ነበር፤ እሱም የቼዝ ሊቅ፣ በየውድድሩ የዌሰል ረዳት፣ የክፍሉ ቁልፍም ያለው።

«የት ነበሩ?»

«ክፍሌ ተኝቼ። አሥር ሰዓት ላይ ወረድኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ጓደኛዎ ነበር?»

«አሥራ አምስት ዓመት ሁለተኛ ያደረገኝ ጓደኛዬ» አለ ሩርድ። ዓይኑ ግን የእርምጃዎቹ ወረቀት ላይ ነበር፤ አራስ ልጇን እንደምታይ እናት።

ቦውማ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ማሽኑ እያንዳንዱ እርምጃ የደረሰበትን ሰዓት ያትማል። ከሃያ አራተኛው በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ከዌሰል ክፍል ምንም አልመጣም። ዌሰል የሞተው እዚያ ጋ ነው። ያኔ ሊነከ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆማለች፤ ወይዘሮ ሳክየም ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተየበው ገዳዩ ነው፤ ሟቹን በሕይወት ያለ ለማስመሰል።»

«ማንም ይተይባላ!» አለ ሩርድ።

«ይተይባል። ግን ማንም ቢሆን ጥቂት ቆይቶ ተሸንፎ ይወጣ ነበር። ይሄኛው ለብረት መሸነፍ ሞት ሆነበት። ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ዌሰል የማይደፍረውን ደፈረ።»

«ግምት ነው።»

«ልክ ነዎት፤ ማስረጃ የለኝም» አለች ቦውማ ተንፍሳ። «እንግዲህ ነገ ጋዜጦቹ ያትሙታል። የዌሰል ሁክስትራ ድንቅ ጨዋታ! ልጆች በስሙ ያጠኑታል።»

የሩርድ ጆሮ ቀላ።

«አዬ ዌሰል» አለች ሳክየ እንባዋን እየጠረገች፤ «ለካ እንዲህ ጀግና ነበር።»

«ጀግና?! ያ ፈሪ?» ሩርድ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «ንግሥቷን የሰጠሁት እኔ ነኝ! እሱ በሕልሙም አያያትም!»

ሊነከ ፊቷን በእጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ሩርድ ዞረ። ቦውማ ግን የእርምጃዎቹን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችለት።

«ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋቹ ይፈርማል አይደል?»

ሩርድ የዌሰልን ስም በወፍራሙ ሰረዘ፤ የራሱን ጻፈ፤ ፈረመ። ከዚያ እጁን ለካቴናው ዘረጋ።