ፋሪዳ በደወለች ቁጥር

ልጅ ሳለሁ ነው። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከእህል ጆንያ ጀርባ ተኝቻለሁ።

አክስቴና አንዲት ጎረቤታችን በዝቅታ ያወራሉ። አረብ አገር ስላለ አንድ ሰው ነው። አባቱ ሞቶ፣ መርዶውን የሚነግረው ጠፍቶ ከርሟል።

«ታዲያ ሟቹ?» አለች አክስቴ።

«የት ይሄዳል... ትንንሾቹ ልጆች ጋ ይቀመጥ ነበር አሉ።»

«መጨረሻ ላይ ማን ነገረው?»

ጎረቤታችን የመለሰችውን ረስቼዋለሁ። ወይም ከነአካቴው አልሰማሁትም። አክስቴ «ዝም በይ፣ ልጁ ነቅቷል» ያለችው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አሁን የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነበር።

ታሪክ መፍጠር አልችልበትም። ሆላንድ አገር፣ ዛንዳም ከተማ፣ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንበብና መጻፍም ራሴን ነው ያስተማርኩት። ዲናችን ሙት ተመልሶ ይመጣል አይልም፤ እኔም አላምንም።

ያየሁትን ግን አላየሁም ብዬ አልምልም።

ቦታው አምስተርዳም ኖርድ ነው። ጊዜው የኮሮናው ጊዜ፣ ጥር ወር። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት። እዚህ አገር በጥር ያን ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትሄድ ጫማዋን የምታጠልቅበት ነው።

ከምንኖርበት ፎቅ ሥር፣ መንገድ ዳር፣ የተዘጋ ሱቅ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጆችም በጠባብ ቤት ታፍነው ሲያለቅሱ፣ የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ሱቁን የልጆች መጫወቻ አደረገው። ያገለገሉ አሻንጉሊቶች መጡ። የፕላስቲክ ማብሰያ መጣ። አንድ ቀይ የጨርቅ ድንኳን መጣ።

ደንቡ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይገባል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እነሱ ሲወጡ ሁሉም ነገር ይጸዳል፤ ከዚያ ተረኛው ይገባል።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ያዝኩ። ወላጆቹ ልጆቻቸው ሲጫወቱ ከእኔ ጋር ያወራሉ። እኔ እሰማለሁ። ሥራዬ እሱ ሆነ።

ፋሪዳ የምትመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ሌሊት መጋዘን ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ፣ ልጇን ሃፍሳን ይዛ ከቤት መውጣት አለባት።

«ጋሼ ኸሚስ፣ የአሻንጉሊት ሐኪም ሆነው ቀሩ» ትለኛለች፣ መኪናዎቹን በሳኒታይዘር ሳሽ ስታየኝ።

ሃፍሳ ገና አምስት ዓመቷ ነው። እዚህ የተወለደች ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ፣ ግማሹ ደች ነው። እኔንም «ኸሚስ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ?» የምትል ልጅ ናት። እናቷ ታፍራለች። እኔ እስቃለሁ።

ፋሪዳ ልጇን አስገብታ ትንሽ ታርፍና ትወጣለች። ውስጥ ኔትወርክ አይሠራም። ከመስታወቱ ውጪ ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

ደሴ ነው የምትደውለው። እናቷ ጋ... እማማ ዓሊያ ጋ።

እማማ ዓሊያ ግን አኼራ ሄደዋል።

ይህን ፋሪዳ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። የነገረኝ ዴን ሃግ አጠገብ፣ ራይስዋይክ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሳዲቅ ነው። በሽታው ደሴ ገብቶ እናታቸውን ወሰደ። ዘመድ ሁሉ ለፋሪዳ «ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ማውራት አይችሉም» እያለ ያቆያታል፤ እሷ ግን መደወሏን አልተወችም።

ሳዲቅ ክፉ ሰው አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚይዛት ከግራ ከቀኝ ቆሞ ነው። ያኔ ደግሞ ቤት መግባት የሚፈቀደው ለአንድ እንግዳ ብቻ ነበር።

«ብትወድቅ ማን ይይዛታል ጋሼ?» አለኝ። «በሁለት ሜትር ርቀት መርዶ ይነገራል? ክልከላው ይነሳ፣ ከዴን ሃግም ከሮተርዳምም ዘመድ ይሰብሰብ፤ ያኔ።»

እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። መርዶ የባለቤቱ ነውና እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ነገር ድንኳኑ ነው።

ሁልጊዜ ማታ ስዘጋ ድንኳኑን ግድግዳ አስጠግቼ፣ አፉን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የምሄደው። አንድ ቀን ስከፍት ወደ ጥግ ዞሯል። መለስኩት።

በማግስቱም ወደዚያው ጥግ ዞሯል።

ያን ጥግ አውቀዋለሁ። የአስርን ሶላት የምሰግደው ወደዚያ ነው።

አፉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሮ ነበር።

ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የለም።

ከዚያ ሃፍሳ ድንኳኑ ውስጥ ማውራት ጀመረች። ልጅ ብቻውን ያወራል፤ ምን ይደንቃል። ወለሉን እያጸዳሁ ጠጋ ስል ግን እጄ ቆመ።

«ይቀመጡ... እሺ... እርስዎ ይቅደሙ።»

ይህቺ እኔን «አንተ ሽማግሌ» የምትለው ልጅ ናት።

አማርኛዋ አልተሰበረም። የወሎ አማርኛ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ የኔ አክስት የምታወራው ዓይነት።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ብቻዋን ነበረች። ሁለት የፕላስቲክ ሲኒ ፊት ለፊት አስቀምጣለች።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ከኦማ ጋር» አለች። ኦማ የምትለው አያቷን ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር አየሁ።

ልጆቹ እጃቸውን ከሚታጠቡበት ቧንቧ ተነስቶ ድንኳኑ በር ላይ ያልቃል። ኮቴ አይደለም። የራሰ ጨርቅ የተጎተተበት ነው የሚመስለው።

የሚመለስ መስመር አልነበረም።

አንድ ሽታም ነበር። ክፍሉ ሁልጊዜ ሳኒታይዘር ይሸታል። ይህ ግን ከሥሩ የሚመጣ፣ ቀዝቃዛ ሽታ ነው።

ጀናዛ አጥቤ አውቃለሁ። ሬሳ ታጥቦ የሚቀባው ካፉር ነበር።

አንድ ቀን ፋሪዳ ውጪ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በዚያው ቅጽበት ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወሬ ቀጥ አለ።

«ሃፍሳ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሽ... እየደወለች ነው።»

«ማን?»

«እማ። ለኦማ እየደወለች ነው።»

ከድንኳኑ ውስጥ ሆና እናቷን አታያትም። ለልጂቱ ማን ነገራት?

«ታዲያ ኦማ ለምን አታነሳም?»

ሃፍሳ ራሷን ከመጋረጃው አወጣች። ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ አየችኝ።

«አትችልም» አለች። «እጇ ተጠቅልሏል።»

«በምን?»

«በነጭ።»

ውጪ ፋሪዳ ስልኩን ዘጋች። ወሬው እንደገና ጀመረ።

ያን ቀን ለሳዲቅ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ አልነገርኩትም። «ንገራት ልጄ፣ ጊዜው አልፏል» ብቻ አልኩት። ክልከላው ይነሳ አለኝ። በሌላ ቀንም ደወልኩ። ያው ነው መልሱ። እሱም ቤቱን ዘግቶ ብቻውን እንደሚያለቅስ ከድምፁ ይሰማኛል።

ሃፍሳ መለወጥ ጀመረች። ከድንኳኑ ለመውጣት ታስቸግራለች። እናቷ ምግብ እምቢ አለችኝ ትላለች። አንድ ቀን ጫማዋን ሳስርላት እጇ እጄን ነካኝ።

ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ነው የነካኝ።

«በረደሽ?»

«ኔ» አለች በደች፣ አይደለም ለማለት ራሷን እየወዘወዘች። «ኦማ ናት የበረዳት።»

አሁን ወደ መጨረሻው ቀን ልምጣ።

ዝናብ ነበር። መንገዱ መብራት ሳይበራለት ጨልሟል። ፋሪዳ ልጇን አስገብታ፣ ውጪ ካለው ታዛ ሥር ቆመች። መስታወቱን ተደግፋ መደወል ጀመረች።

እኔ የመጫወቻ ብሎኮቹን እያጠብኩ ነበር። ሃፍሳ በቀስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኸሚስ።»

«አቤት።»

«ኦማ ለመሄድ ቸኩላለች።»

«ትሂዳ» አልኩ።

«እማ ሳትሰማ አልሄድም አለች። እማ ካልሰማች ግን እኔን ይዛኝ ትሄዳለች። ብቻዋን ጨለማውን አትወደውም።»

በልቤ ከቁርአኑ አየተል ኩርሲን ቀራሁ። ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የእኔ መስመር ከሌላ ኩባንያ ስለሆነ አንዳንዴ ውስጥም ይይዛል። እጄ በሳኒታይዘር ስለራሰ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሳዲቅ ደወልኩ።

ይህን ጊዜ አልለመንኩትም። ሃፍሳ ያለችኝን ቃል በቃል ነገርኩት።



«ልጅ ናት ጋሼ» አለ። «ልጅ ብዙ ይላል።»

«ሳዲቅ፣ ይህ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ ነው። አንተና ፋሪዳ አንድ ቤተሰብ ናችሁ። እዚህ ንገራት። ብትወድቅም ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጥፍላታለሁ። እኔ በር ላይ እቆማለሁ።»

«አልችልም።»

«ልጄ...»

«አልችልም አልኩዎት። ሰው ሳይኖር፣ ለእህቴ እኔ በዚህ አፌ...»

ያኔ ነው ከድንኳኑ ውስጥ የተሰማው።

ዝቅ ያለ ነው። የደከመ ነው። አፍ ላይ ጨርቅ የተደረገበት ዓይነት።

«ጉብሌ...»

ስልኩ ውስጥ የሳዲቅ ትንፋሽ ተቋረጠ።

«ጋሼ ኸሚስ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። «ማነው?»

ሃፍሳ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ።

ሃፍሳ ግን አጠገቤ ናት። እጅጌዬን በሁለት እጇ ይዛለች። ከንፈሯ ገጥሟል።

«ማንም የለም» አልኩ።

«በዚህ ስም የምትጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ናት» አለ ሳዲቅ።

ከዚያ ያለቀሰው ለቅሶ... አልጽፈውም። ጠበቅኩት። እኔ መጠበቅ እችላለሁ።

«እመጣለሁ» አለ። «ነገ ፈጅር ሰግጄ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። እኔው እነግራታለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

«ኢንሻአላህ። ይንገሩልኝ... ለእናቴ እመጣለሁ ብሏል ይበሉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ሃፍሳ እጅጌዬን ለቀቀች። ወደ ድንኳኑ ሄዳ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አስጠጋች። ራሷን ነቀነቀች፤ ቆይታ እንደገና ነቀነቀች። ተመልሳ መጣች።

«እሺ ብላለች። እስከ ነገ ትጠብቃለች።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ግን በሩን አትቆልፍባት አለች።»

«ለምን?»

«እማ ከሰማች በኋላ ትሄዳለቻ። እጇ ተጠቅልሏል እኮ፤ እንዴት ትከፍታለች?»

የክፍሉ ቁልፍ የሰፈሩ አደራ ነው። ሳልቆልፍ ሄጄ አላውቅም። ልጂቱ ግን ቀና ብላ መልሴን ትጠብቃለች። ከኋላዋ ድንኳኑም ጸጥ ብሏል፤ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው ጸጥ ያለው።

«እሺ በያት» አልኩ።

ጫማዋን አሰርኩላት። እጇ ሞቅ ብሎ ነበር።

መብራቱን አጥፍተን ወጣን። በሩን ገጠም አደረግኩት እንጂ ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም።

ፋሪዳ አሁንም መስታወቱን ተደግፋለች። ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው።

«ዛሬም አይነሳም» አለችኝ። «መቼም ድምፃቸው እስኪመለስ ነው። ነገ እሞክራለሁ ጋሼ።»

«ነገ» አልኳት። «ነገ በጠዋት ወደዚህ ነይ። እኔም ፈረቃዬን አስቀይሬ እኖራለሁ።»

ለምን እንደሆነ ልትጠይቀኝ አየችኝ። አልጠየቀችኝም። ስልኩን ሳትዘጋ ልጇን ለመያዝ ጎንበስ አለች።

ያኔ ነው በትከሻዋ አሻግሬ፣ በስልኳ ብርሃን ወደ ውስጥ ያየሁት።

ድንኳኑ ወደ ቂብላ አልዞረም። ወደ በሩ ዞሯል። መጋረጃው ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

የፋሪዳ ራስ ተደግፎበት የነበረው መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ትንፋሽ አረፈ። ክብ ሆኖ ሰፋ። ጠፋ።

እንደገና ሰፋ።

ሃፍሳ ወደዚያው እጇን አወዛወዘች።

እኔ ቃሌን ጠበቅኩ። ሳልቆልፍ ሄድኩ።