ከመኪናው አትራቅ

ወንድሙ የሚባለውን አስጎብኚ ያገኙት ሐሙስ ጧት ነው። አንዲት የተራቆተች ግራር ሥር በጎኑ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሮቹ አሸዋ ሞልተዋል። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሯል። ከደረቁ ወንዝ ዳር ጀምሮ እስከ ግራሯ ድረስ በደረቱ እየተሳበ የመጣበት መስመር አሸዋው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢንስፔክተር ሸዋዬ በፖሊስነት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግላ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ይኼኛውን ግን ቶሎ እንዲሸፍኑላት አዘዘች።

የሟቹ ላንድክሩዘር ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በጥርጊያው መንገድ ላይ ቆሟል። የሞተሩን ማቀዝቀዣ የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጥሷል። ከፊትም ከኋላም፣ መኪና ሲበላሽ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ተነጥፏል። የኋላው ወንበር ላይ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ አለ። ጠብታ አልጎደለውም።

«ምናለ ከመኪናው ባይርቅ!» እያለ ታላቅ ወንድሙ ሀብቴ ደረቱን ይደቃል። ፍለጋውን የመራው፣ ሬሳውንም ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ጋቢውን አውልቆ ያለበሰውም እሱ ነው።

ወንድሙ አውስትራሊያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ከአደላይድ እስከ ዳርዊን ሰው የማይታይበትን ቀይ በረሃ በከባድ መኪና ሲያቋርጥ፣ በእረፍቱ ደግሞ ባሮሳ በሚባለው የወይን አገር በእግሩ ሲዞር ከርሞ፣ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ትውልድ ከተማው መርሳ ተመለሰ። የአባቱን የብርቱካን አትክልት ነቅሎ ወይን ተከለ። ቱሪስቶችን ከወልዲያ በመኪና ያመጣል፣ ወደ አፋር ወሰን የሚወርደውን ቆላ በእግር ያስኬዳል፣ ማታ የራሱን ወይን ጠጅ ያስቀምሳል። ወይን ጠጁ ሆምጣጤ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ፊት ለፊት የነገረው ግን የለም። ቆላውን፣ በአውስትራሊያው በረሃ ስም፣ «የእኔ አውትባክ» ይለዋል። ቱሪስቶቹም ሠራተኞቹም በቃላቸው የያዙት አንድ ሕግ ነበረው፦ በረሃ ላይ መኪና ከቆመብህ ከመኪናው አትራቅ። የሚፈልግህ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መኪናውን ነው። ጥላህም ውሃህም እዚያው ነው።

ሸዋዬ በዚያው ቀን ብሩክ የሚባለውን መካኒክ አሰረች። ምክንያት ሞልቷታል። ቺንጊያው በቢላ ተቆርጧል። መኪናውን እሑድ የፈተሸው ብሩክ ነው። ወንድሙ ከሁለት ሳምንት በፊት በቱሪስቶች ፊት በጥፊ ሲለው፣ ብሩክ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ውሃ እያየህ በጥም ሙት!» ብሎ ሲራገም ግማሽ መርሳ ሰምቷል። ሰኞ ጧት ወልዲያ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያው ሰኞ ጧት አርባ ቀን የሞላው የበኩር ልጁ ክርስትና ይነሳል።

ዓርብ ቀን ቀብሩ ሲያበቃ ብሩክን ከክፍሉ አስጠራችው።

«ምን ቀረህ የምትለው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ኢንስፔክተር። ቺንጊያውን አይተውታል? በቢላ ትንሽ ተነክቶ ኋላ የተበጠሰ ነው ወይስ ሙሉ ለሙሉ የተቆረጠ?»

«ሙሉ ለሙሉ። ከዳር እስከ ዳር።»

«ታዲያ እኔ እሑድ እንዲያ አድርጌ ብቆርጠው፣ ሰኞ ከመርሳ ሳይወጣ ሞተሩ ይፈላ ነበር። ቺንጊያ የሌለው መኪና ቆላ ድረስ ይወርዳል እንዴ? የቆረጠው ሰው መኪናው በቆመበት ነው የቆረጠው።»

እንዲህ ያለውን ነገር ራሷ ማየት ሲገባት ከእስረኛ መማሯ ሸዋዬን አንገበገባት። ሰው ለማሰር ቸኩላ ነበር፤ ለራሷም አልደበቀችውም።

ቆላው ውስጥ ከመኪናው አጠገብ አንስታ ያመጣችውን ቅርንጫፍ ከመሳቢያዋ አወጣች። ቅጠሉ ጠውልጓል። በጣቶቿ አሽታ አሸተተችው፤ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። በዚያ ጠፍ ምድር ግመል ካጋጠው ግራር በቀር አንድ ዛፍ የለም። ደግሞም ከመኪናው ወንበር ሥር ወንድሙ ከአውስትራሊያ ያመጣው፣ ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚቆመው ቀይ አንጸባራቂ ምልክት ከነማኅደሩ ተቀምጦ አይታለች።

ቅዳሜ ጧት ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቱ ሂሩት ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ ደረቅ እንደሆነ ተቀበለቻት።

«አላለቀስሽም» አለቻት ሸዋዬ።

«እሱ ሲያስለቅሰኝ ኖሯል፤ እንባው አልቆ ይሆናል። በበጋ አንድ ሊትር ውሃ አስይዞ ሃያ ኪሎ ሜትር ያስኬደኝ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ሴቶቹ ይችሉታል እያለ።»

«ሰኞ የት ነበርሽ?»

«ደሴ፣ የአክስቴ ልጅ ሞታ ለቅሶ ላይ። ረቡዕ ማታ ስመለስ የለም። ጋሼ ሀብቴን ጠየቅሁት፤ ሰኞ ጧት ብቻውን እየነዳ ወጣ አለኝ።»

«ወደ ቆላው ብቻውን ይነዳል?»

«አይነዳም ነበር። አዲስ የእግር መንገድ ሲሞክር ጋሼ ነው አንዱ ጫፍ አውርዶት ሌላው ጫፍ የሚጠብቀው።» ትንሽ አመነታች። «ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዳ ሰው ነው፤ ወንድሙ ግን ለፈረንጆቹ ‹ሾፌሬ ነው› ይላቸው ነበር። ‹ወንድሜ ነው› ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም።»

ሸዋዬ ወደ ወይኑ እርሻ አለፈች። በወይኑ ረድፎች መካከል አንድ ትልቅ የብርቱካን ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቋል። የእርሻው ኃላፊ ሜሮን አጠገቡ ቆማ ግንዱን ታስፈልጣለች።

«ይህን ዛፍ መቼ ቆረጣችሁት?»

«ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታዘን። በሞተር መጋዝ ነው። አባታቸው የተከሉት የመጨረሻው ዛፍ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲነቀል ይኼ ቀርቶ ነበር።»

«ጋሽ ሀብቴ አይተዋል?»

«ስንቆርጠው መጡ። ምንም አላሉም። ግንዱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው በቁማቸው ተመለሱ።»

ሸዋዬ ከቦርሳዋ ቅርንጫፉን አውጥታ በወደቀው ዛፍ ላይ ቁርጥ እየፈለገች ዞረች። ሦስተኛው ላይ ገጠመላት። የመጋዙ ጥርስ ያሰመረው መስመር እንኳ ሳይቀር ከዚህኛው ወደዚያኛው ይቀጥላል።

በዚያው ከሰዓት ሬሳውን የመረመረው ዶክተር አማኑኤል ከወልዲያ ደወለላት። «የሞተው ረቡዕ ነው» አላት። «ከረቡዕ ንጋት በፊት አይደለም።» ሸዋዬ ስልኩን ዘግታ ከቆላው አቅራቢያ ወዳለችው ሐራ ከተማ ሄዳ የሚኒባስ ሾፌሮችን አንድ በአንድ ጠየቀች።

እሑድ ሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ለቀስተኛ ሞልቷል። ሀብቴ ወንዶቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ፣ ሂሩት ሴቶቹ ዘንድ ተቀምጣለች። ሸዋዬ ሁለት ፖሊስና ዓሪፍ የሚባል የሐራ ሾፌር አስከትላ ገባች። ለቅሶ ቤት መካከል ማውራት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ሂሩትን ቀደም ብላ ስታስፈቅዳት የሰማችው መልስ ግን «በሁሉም ፊት ይሁን» የሚል ነበር።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ሸዋዬ። «ነገ ጧት አንድ ሰው በማያውቀው ደም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሆነ ነው። ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወንድሙ ሰኞ ጧት ብቻውን ነድቶ ሄደ፣ መኪናው ተበላሸበት፣ ቅጠል አንጥፎ በእግሩ ወጣ ተባልን። ወንድሙ መኪናውን ጥሎ ይሄዳል የሚል ካለ እጁን ያንሳ።»

እጅ ያነሳ የለም። አንድ ሽማግሌ «ኧረ በጭራሽ!» አሉ።

«አይሄድም። ቀይ ምልክቱም ወንበሩ ሥር እያለ ቅጠል አያነጥፍም። ያ ቅጠል ደግሞ ከዚህ ጓሮ የሄደ ነው። የዛፉ ቁርጥ ላይ ልክ ገጥሞልኛል። ዛፉ የተቆረጠው ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰኞ ጧት ተበላሸ የተባለ መኪና ፊት ከሰዓት የተቆረጠ ዛፍ እንዴት ይነጠፋል? መኪናው ሰኞ እዚያ አልነበረም። ወንድሙ ከመኪናው አልራቀም፤ መኪናው ነው የራቀው።»

ሸዋዬ ወደ ድንኳኑ መሃል ቀረበች።

«የተገኘባት ግራር ከሾፌሩ ጋር የተቀጣጠረባት ቦታ ናት። እግሩ ወንዙ ውስጥ ሲሰበር፣ ይመጡልኛል ብሎ በደረቱ ተስቦ ደረሰ። መኪናውን አንድ ሰው ማክሰኞ ጧት መልሶ ወደ ቆላው ወሰደው፤ ቺንጊያውን እዚያው ቆረጠ፤ ወደ ሐራ በእግሩ ወጣ። ዓሪፍ፣ ማክሰኞ ማንን ነው የጫንከው?»

ዓሪፍ ኮፍያውን በእጁ አጣጠፈ። «ወላሂ፣ ባልናገር ደስ ባለኝ። ጋሽ ሀብቴን ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፤ ጫማቸው አሸዋ ለብሶ። መርሳ አደረስኳቸው።»

ሁሉም ወደ ሀብቴ ዞረ። ሸዋዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ሁሉንም አስበው ነበር። ቅጠሉ ግን ለምን?»

«እኔ እንጃ» አለ ሀብቴ ቀና ሳይል። «ሠላሳ ዓመት መኪና ያለ ቅጠል አቁሜ አላውቅም። እዚያ እንጨት እንደሌለ ስለማውቅ ከዚህ ጫንኩ። እጄ ነው የጫነው።»

«ማክሰኞ ጧት ያን ቅጠል ሲያነጥፉ ወንድምዎ በሕይወት ነበር። ዶክተሩ ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቆይቷል።»

ከሴቶቹ በኩል እሪታ ተሰማ። ሀብቴ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አውቃለሁ። ቅጠሉን አንጥፌ ሄጄ አየሁት። ሰኞ ልወስደው ነበር የሄድኩት፤ በእግዜር ስም። እግሩን ይዞ ሲያቃስት ሳይ ዛፉ ትዝ አለኝ፤ መኪናውን አዙሬ ወጣሁ። ማክሰኞ ይሞታል ብዬ ስሄድ ‹ሀብቴ መጣህ?› አለኝ። እሱ በሌለበት ስንት ዓመት ውሃ እንዳጠጣሁት፣ ያንን ዛፍ፣ ጠየቅሁት። ‹ሃያ ሁለት› አለኝ። አልተሳሳተም። ታዲያ ለምን አስቆረጥከው አልኩት። ‹አላስቆረጥኩም› አለኝ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ ይዋሸኛል ብዬ ጥዬው ሄድኩ።»

ሸዋዬ ለአንዱ ፖሊስ «ጣቢያ ደውልና ብሩክን ይልቀቁት፤ ነገ ልጁን ክርስትና ያስነሳ» አለችው። ከዚያ ወደ ሀብቴ ስትራመድ፣ በሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ብድግ አለች። ሂሩት ናት።

«አልዋሸህም፣ ጋሼ» አለች። «ከደሴ ደውዬ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጥላው ወይኑን እየገደለው ነበር። እሱማ ‹የሀብቴ ዛፍ ነው፣ እንዳትነኪ› ብሎኝ ነበር።»

ሸዋዬ ሜሮንን ማን እንዳዘዛት አለመጠየቋ ያን ጊዜ ነው የታወሳት። ሜሮን ምግብ ከሚቀርብበት ጥግ ቆማ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሁለቱ ፖሊሶች ሀብቴን በብብቱ ይዘው አነሱት። በሩ ጋ ሲደርስ ጮኾ የወንድሙን ስም ጠራ። ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን አዞረበት።

ሂሩት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እንግዲህ ሰው ከሩቅ መጥቷል፣ አይራብ» አለች። «ምግቡን አቅርቡ።»