የተመለሰው ብልቃጥ

ኃይለመስቀል የሞተው መቶ ዓመት እንደሚኖር በተናገረ በማግስቱ ነው። እሑድ ዕለት በነገሌ ገበያ ዳር ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ፣ «አንቲኦክሲደንት! ደም ያጠራል፣ እርጅናን ያባርራል! እኔን እዩኝ፣ መቶ ዓመት እኖራለሁ! ያልተስማማው ብልቃጡን ይዞ ይምጣ፣ ገንዘቡን እንመልሳለን!» ሲል ዋለ። ሰኞ ጠዋት ከሱቁ ባንኮኒ ሥር አረፋ ደፍቆ፣ ጥፍሮቹ ሲሚንቶውን ቧጥጠው ተገኘ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። የከተማው ሰው ለቅሶ ሳይደርስ ቀልዱን ጀመረ፤ «የቀረውን ሃምሳ አራት ዓመት ማን ይመልስለት?» ተባለ። ከዱቤው ያልቀመሰ ሰው አልነበረም እኮ! ግን ሰው እንዲህ ነው፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ።

ኢንስፔክተር ጠጂቱ አረሮ ስትደርስ የሟች ወንድሞች ሚስቱን ሀረገወይንን ከመጋረጃው ኋላ ጎትተው አውጥተው ከንፈሯን ሰንጥቀውት ነበር። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የሱቅ ቁልፍ ተበጥሶ ታላቅየው ኪስ ገብቷል። ጠጂቱ መፋቂያዋን ከጥርሷ ሳታወጣ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ለካችውና፣ ሬሳ ፊት ሴት የሚመታ ወንድ የሚያለቅሰው ለሟች ሳይሆን ለቁልፉ ነው አለችው። ሰውየው አቀረቀረ። ቁልፉን ግን አልመለሰም።

ባንኮኒው ላይ አንድ ብልቃጥ ተከፍቶ ቆሟል። ክዳኑ ላይ በሟች እጅ ጽሕፈት «ሀላኬ፣ ቅዳሜ» ተብሏል። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም የቀሩትን ካፕሱሎች አንድ በአንድ ከፈታቸው። አብዛኞቹ ውስጥ ያለው እንደ ከርከዴ የቀላ ዱቄት ነው። ሦስቱ ውስጥ ግን ነጣ ያለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ወጣ። የመዥገር መድኃኒት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር። ከብት በሚረባበት አገር ያ ነገር የሌለበት ቤት የለምና መርዙ ብቻውን ማንንም አያሲዝም።

ሀረገወይንን ያሳሰራት የራሷ አፍ ነው። ባሏ በየጠዋቱ ሁለት ካፕሱል እንደሚውጥ፣ ከብልቃጡ አውጥታ ከውኃ ጋር የምትሰጠውም እሷ እንደሆነች ሳትጠየቅ ተናገረች። የጣቢያው አዛዥ ካቴና አስገባባት። ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ልጆቿም ሱቁም ቁልፉን ለያዘው ሰው ይቀራሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ሴትየዋ ዳዋ ትሁን አይጥ ለመለየት ጠጂቱ የቀራት ጊዜ ሁለት ቀን አይሞላም።

ጣቢያ ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ጠጂቱ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ክዳኑ ጽሑፍ ነበር። ሀረገወይን የተሰነጠቀ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ እየነካች መለሰች።

«ሀላኬ ቅዳሜ የመለሱት ነው። የተመለሰውን ለሰው አይሸጥም። ራሱ ነው የሚውጠው።»

«ከተማው ሁሉ መልሶ ይሸጠዋል ነው የሚለው።»

«ይበል። የማንም እጅ የገባበትን ይበላል ከሚሉት፣ መልሶ ይሸጣል ቢሉት ይሻለው ነበር። ያፍር ነበር። እኔና ሳቢር ብቻ ነን የምናውቀው።»

«በካፕሱሉ ያምን ነበር ማለት ነው?»

«ከልቡ፣ ኢንስፔክተር። ውሸቱን መጀመሪያ ያመነው እሱ ነው።»

ጠጂቱ መፋቂያዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዞረችና፣ በራስሽ ላይ ነው የመሰከርሽው፣ የሚውጠውን ብልቃጥ የምታውቂው አንቺ ከሆንሽ ዳኛው ሌላ ሰው ለምን ይፈልጋል አለቻት። ሀረገወይን የጠየቁኝ እውነቱን ነው አለች።

ሳቢር ዕቃውን ከሞያሌ የሚያመጣ የሟች ሸሪክ ነው። ሐሙስ ሄዶ ሰኞ ረፋድ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የተመለሰው። ብልቃጡ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሲገባ እሱ ሞያሌ ነበር። የኬላው መዝገብም ይህንኑ ይላል። ከሟች ጋር ይጣሉ እንደነበር አልደበቀም። ሳቢር የተመለሰው ታሽጎ ይሸጥ ይላል፣ ኃይለመስቀል እምቢ ይላል። «ወላሂ፣ ምላሱ ቀጣፊ ነበር» አለ ሳቢር። «በዚህች ነገር ግን ቀጥ ያለ ሰው ነው። ለታመመ ሰው ሌላው የነካካውን አልሸጥም ይላል። ስንቴ ሰደብኩት መሰለሽ።»

ኦቦ ሀላኬ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ የመዥገር መድኃኒት በጄሪካን ተቀምጧል። ጠጂቱን ሲያዩ «አካም ልጄ፣ ናጋ?» አሉና ጄሪካኑን እንዳየች አይተው ፈገግ አሉ። ሊገድል የፈለገ ስሙን ክዳን ላይ ያስጽፋል ወይ ብለው እሳቸው ጠየቋት። ጠጂቱ ደግሞ ብልቃጡን ከገዙበት እስከ መለሱበት ቀን ማን ማን እጅ እንደገባ ጠየቀች።

«ማንም እጅ አልገባም» አሉ። ከዚያ አሰቡና «ዱጋሳ ጋ አድሯል እንጂ» አሉ። «ዓርብ የግፊት ኪኒኔን ልገዛ ብሄድ ከኪሴ አይቶ ተቆጣኝ። የተጻፈበትን በደንብ ላንብበው ብሎ አስቀረው። ቅዳሜ ጠዋት ሰጠኝና፣ ዛሬውኑ መልስለት፣ ገንዘብህን ተቀበል አለኝ። ልጁ ደግ ነው።»

ዱጋሳ ከኃይለመስቀል ሱቅ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለው። ሐኪም ባይሆንም ከተማው «ዶክተር» ይለዋል። ነጭ ጋውኑ ላይ እድፍ አይታይም፣ ንግግሩም እንደ ጋውኑ ነው። ጠጂቱን አክብሮ አስቀመጣትና ስለ ሟች ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«አንቲኦክሲደንት ውሸት አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ጎመን ውስጥ አለ። ካሮት፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሥር ውስጥ አለ። ሰው እሱን ቢበላ ይጠቀማል። እዚህ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነ። ጎመኑንም ተዉ፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውንም ጣሉ። ባለፈው ዓመት አራት ደንበኞቼን ቀብሬአለሁ። አቤት ልል ያልሄድኩበት ቢሮ የለም።»

ጠጂቱ በያንዳንዱ ቃል ተስማማች፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ልክ የሆነ ሰው ሲናገር ሌላውን ነገር ማየት ይከብዳል። ሆኖም ዐይኗ አላረፈም። ኪኒን የሚቆጠርበት ነጭ ትሪ ጎድጓዳ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ይታያል። ምንድን ነው ስትለው የልጆች ሽሮፕ ፈስሶበት እንደሆነ ነገራት። እናቱ አዴ ሚልኪ ዋናዋ የኃይለመስቀል ደንበኛ ናቸው ይባላል፣ ላነጋግራቸው ስትለው ደግሞ ቅዳሜ ለለቅሶ ወደራ ከተማ ሄደዋል አላት። ልትወጣ ስትነሣ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ቆይ፣ ኢንስፔክተር። እንዴት ራሱ ዋጠው?»

ጠጂቱ አላወቅንም ብላ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ያስቆማት ሰው ሁሉ የጠየቃት ማን ገደለው ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የጠየቃት እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ወደራ ሄደች። አዴ ሚልኪን ሌላ ልጃቸው ቤት ሽንኩርት ሲልጡ አገኘቻቸው። ለቅሶ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰባ ያለፉት እናት ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ቀስ ብለው ነገሯት። ጠጂቱ ለማንም ሳትተነፍስ አሮጊቷን መኪና ውስጥ አስገባቻቸው።

ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሁሉም በሟች ሱቅ ውስጥ ቆመዋል፤ ሀረገወይን ከነካቴናዋ፣ ታላቅየው ወንድም ከነቁልፉ፣ ሳቢር፣ ኦቦ ሀላኬ፣ ዱጋሳ በነጭ ጋውኑ። አዴ ሚልኪ ደጅ መኪናው ውስጥ ናቸው። ጠጂቱ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች፤ የሚያውቋት ፖሊሶች ይህን ሲያዩ በሩን ዘጉ።

«ኃይለመስቀልን ማን ሊገድለው ፈለገ ብለን ስንደክም ሰነበትን» አለች። «ማንም አልፈለገም።»

ታላቅየው ሀረገወይንን እያየ ሊናገር ሲል በእጇ አስቆመችው።

«እሷ በየጠዋቱ ሁለት ካፕሱል መዳፉ ላይ ታደርጋለች። ልትገድለው ብትፈልግ ሁለት መርዛም ካፕሱል ሰጥታው ብልቃጡን ንጹሕ ትተወዋለች። ሦስት መርዛም ካፕሱል አስቀርታ ፖሊስ ለምን ትጠብቃለች? መርዙ ከደህናው ጋር ተደባልቆ የቀረው፣ ያስገባው ሰው ማን እንደሚውጠው፣ መቼ እንደሚውጠው ስለማያውቅ ነው። ይህ ሰው እንደ ከተማው ሁሉ፣ የተመለሰ ብልቃጥ ለሌላ ሰው ይሸጣል ብሎ ነው የሚያምነው። ሀረገወይንና ሳቢር እንደማይሸጥ ያውቃሉ።»

ከዚያ ወደ ኦቦ ሀላኬ ዞራ ብልቃጡ ዓርብ የት እንዳደረ እንዲናገሩ ጠየቀች። ሽማግሌው ለመናገር አፋቸውን ከፈቱና ነገሩ ገባቸው። የዱጋሳን ፊት አዩ፣ ወዲያው ዐይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ቃሉን ግን ተናገሩት።

«ካፕሱል ሲገለበጥ ቀዩ ዱቄት የሆነ ቦታ መፍሰስ አለበት» አለች ጠጂቱ። ፖሊሱ ከዱጋሳ መድኃኒት ቤት አምጥቶ በፌስታል የያዘውን ነጭ ትሪ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ሽሮፕ ሲደርቅ ይጣበቃል። ይህ ሲነኩት ይረግፋል። ይህን ዱቄት እንደ ኃጢአት የሚጠየፍ ሰው ትሪው ላይ ምን ይሠራል? ደግሞስ ሌላው ሁሉ ማን ገደለው ሲለኝ፣ እንዴት ራሱ ዋጠው ያልከኝ ለምንድን ነው፣ ዶክተር?»

አንቱታው ቀርቷል። ዱጋሳ ጋውኑን አስተካክሎ፣ ሀላኬም ቀዩን ዱቄት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር፣ ይህ ሁሉ ግምት ነው አለ። ድምፁ አሁንም ከፍ አላለም። ጠጂቱ በሩን አስከፈተች።

አዴ ሚልኪ ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። ልጃቸውን ሲያዩ ሊስሙት ነበር፤ ፖሊሱ በቀስታ ያዛቸው። ጠጂቱ ቅዳሜ የሆነውን ይንገሩን አለቻቸው።

«ዱጋሳ ወደራ ሂጂ አለኝ። ለምን ስለው፣ ሁለት ዓመት ስለምንሽ እምቢ ብለሻል፣ ይቺን ሳምንት ብቻ በዚያ ሱቅ ደጅ እንኳ እንዳታልፊ አለኝ። መናኸሪያ ወስዶ ትኬት ቆርጦ መኪናው ላይ አስቀመጠኝና ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«መኪናው አልሞላ አለ። እስኪሞላ ወርጄ መጣሁ።»

ዱጋሳ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘ። «ወዴት መጣሽ፣ እማ?»

«እዚህ ነዋ። የተመለሰ ካለህ በቅናሽ ስጠኝ አልኩት ነፍሱን ይማረውና። ያንን ብልቃጥ አሳየኝ፣ የሀላኬ ስም ያለበትን። እናቴ፣ የሰው እጅ የገባበትን ለታመመ አልሸጥም፣ እሱን ለኔ ተዪልኝ አለና አዲሱን ሰጠኝ።»

ዱጋሳ ቀስ ብሎ ወረደና ኃይለመስቀል ወድቆ በተገኘበት ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ። ነጩ ጋውን አቧራ ነካው። የተናገረው ለጠጂቱ ሳይሆን ለመሬቱ ነበር።

«አንድ ሰው ነው ያልኩት። አንድ ሰው ቢሞት ሱቁ ይዘጋል፣ መቶው ሰው ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል።»

«የትኛው አንድ ሰው?» አለች ጠጂቱ።

ዱጋሳ ቀና ብሎ እናቱን አየ።

«ጠላቱን የሚገድል ብዙ አስሬአለሁ። ሟቹን ዕጣ እንዲመርጥለት የተወ ግን አንተን አየሁ። ያ ቀጣፊ የምትለው ሰው አንዲት ሐቅ ነበረችው፣ እናትህን ያተረፈችልህ እሷ ናት። እሱን የገደለችውም እሷው ናት።»

ጠጂቱ በእጇ የሀረገወይንን ካቴና ፈትታ ዱጋሳ ላይ አሰረችው። ሀረገወይን አልጮኸችም፣ አላመሰገነችም። የባሏ ወንድም ፊት ሄዳ ቆመችና መዳፏን ዘረጋች። ሰውየው ወዲያ ወዲህ አየ። ያየው ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። ቁልፉን አውጥቶ እጇ ላይ ጣለው። ልጆቼን ዛሬ ሳይመሽ አምጣቸው አለችው።

ዱጋሳን ሲያወጡት እናቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሌላ የሚለው ነገር ጠፍቶት ይሆናል፣ ወይም ሃያ ዓመት የሠራው ሥራ ራሱ ተናግሮ ይሆናል።

«እማ፣ የግፊት ኪኒንሽን እንዳታቋርጪ።»

አዴ ሚልኪ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ካቴና የገባበትን ንጹሕ እጁን፣ በየወሩ ኪኒኑን ቆጥሮ የሚሰጣቸውን እጅ አዩ።

«ከማን እጅ ልውሰድ፣ ዱጋሳ?» አሉት።